ቀጭኔዋ ለምን ቆመች? የአንዲት ባለ ሞተር ተገጣጣሚ አሻንጉሊት የጉዳይ ጥናት

የጎረቤቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። ዱባይ የምትሠራው አክስቷ ባለ ሞተር ቀጭኔ ላከችላት። ዝግጁ አሻንጉሊት አይደለችም፤ ተገጣጣሚ ናት። እግሮቿ፣ አንገቷ፣ ጊሮቿና ሞተሯ በየፌስታሉ ተለያይተው ነው የመጡት። ካርቶኑ ላይ የፋብሪካ ስም የለም። መመሪያው ጥቂት የቻይንኛ ጽሑፍ ያለበት የሥዕል ወረቀት ነው። ልጅቷ ሥዕሉን እየተከተለች ማንም ሳይረዳት ገጣጠመቻት። ይሄ በራሱ ቀላል ሥራ አይደለም። እንደ ጥፍር ያነሱ ብሎኖች አሉት፤ አንዱ ምንጣፍ ላይ ከወደቀ ፍለጋው ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጭኔዋን በእጅ አንስተው ማብሪያውን ሲጫኑት አራቱም እግሮች ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሳሉ። ወለሉ ላይ ሲያስቀምጧት ቀጥ ትላለች። አንዳንዴ አንድ ሁለት እርምጃ ትሞክርና ባለችበት ትንቀጠቀጣለች።

አጎቷ ጋራዥ ነው የሚሠራው። መኪና ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ስለሆነ ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሱ ነው። ቀጭኔዋን አየት አደረገና «ሞተሩ ጉልበት የለውም» አለ። ጊሮቹን በጋራዥ ግራሶ ለቅልቆ መለሰላት። ለውጥ የለም። ቀጥሎ የአክስቷ ልጅ ተራውን ወሰደ። የአሮጌ ስልክ ቻርጀር ገመድ ቆርጦ ሞተሩ ላይ ቀጠለው። ቀጭኔዋ ወለሉ ላይ ዘለል ዘለል አለች። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ባሰባት። እኔ ቤት የመጣችው በዚህ ሁኔታ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን የመሰለ ሞተር መርካቶ ይገኛል?» አለችኝ።

ይገኛል፤ ርካሽም ነው። ግን እንዲህ ዓይነት የሚራመድ ነገር ሲቆም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞተሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ነጻ የሚወጣውም እሱ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ቁጭ ብለን ሒሳቡን እንሥራ ተባባልን።

ሆዷ ውስጥ ያለው

ሞተሩ በአሻንጉሊት ዓለም «130» የሚባለው ነው። ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ርዝመቱ 25 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ዘንጉ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ትንሽ ሞተር። ቤታችሁ የተሰበረ የልጅ መኪና ካለ ፈታታችሁ እዩት፤ ውስጡ ያለው ይሄው ሳይሆን አይቀርም። ቁጥሩ የመጣው የጃፓኑ ማቡቺ ኩባንያ ኤፍኤ-130 ብሎ ከሚጠራው ሞዴል ነው። ተመሳሳዩን ዛሬ ቻይና ውስጥ ብዙዎች ይሠሩታል። የማቡቺው 1.5 ቮልት ሲያገኝ ያለ ሸክም በደቂቃ 9,100 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በደንብ በሚሠራበት ሸክም ላይ ወደ 7,000 ይወርዳል፤ ያኔ 0.66 አምፔር ይጠጣል፣ የሚሰጠው ጉልበት ደግሞ 6 ግራም-ሴንቲ ሜትር ነው። ሙሉ በሙሉ ተይዞ ሲቆም ግን 2.2 አምፔር ይስባል።

6 ግራም-ሴንቲ ሜትር ማለት ምንም ማለት ነው። ከዘንጉ መሐል አንድ ሴንቲ ሜትር ርቆ የተንጠለጠለ ስድስት ግራም ይይዛል፤ በቃ። ጊር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፍጥነቱን ሰጥተህ ጉልበት ትገዛለህ።

ቀጭኔዋ ውስጥ ያለው አደራደር ይሄ ነው። ሞተሩ ዘንግ ላይ ባለ 8 ጥርስ ፒኞን፣ ማለትም ትንሽ ጊር፣ አለች። ባለ 40 ጥርስ ጊር ታዞራለች፤ እዚህ ላይ ፍጥነቱ በአምስት ይካፈላል። ከዚያ ባለ 12 ጥርስ ባለ 36ቱን ያዞራል፤ ይሄ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። አምስትን በሦስት፣ በሦስት፣ በሦስት ስናባዛ 135 ይመጣል። ሞተሩ 135 ጊዜ ሲዞር እግሩ አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። 7,000ን ለ135 ስናካፍል በደቂቃ 52 ገደማ፤ በሰከንድ አንድ ዙር ሊሆን ምንም አይቀረው። ለቀጭኔ ጥሩ አካሄድ ነው።

የመጨረሻዎቹ ጊሮች ዘንግ በግራና በቀኝ ብቅ ይላል። ጫፉ ላይ ከመሐል 8 ሚሊ ሜትር ገለል ያለች ፒን ያላት ክብ ነገር አለች። አጎትየው በኋላ ሲያያት «ይሄማ ኮሎ ነው» አለ፤ ኮሎ ጋራዥ ውስጥ ክራንክ ሻፍት ማለት ነው፣ ትክክል ነው። ፒኗ እግሩ ወገብ ላይ ባለች ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። የእግሩ ላይኛው ጫፍ ደግሞ ረጅም ስንጥቅ አለው፤ እሱ ከሰውነቷ ጋር በተያያዘች ሌላ ፒን ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ይንሸራተታል። ኮሎው ሲዞር ኮቴው አየር ላይ የእንቁላል ቅርጽ ይስላል። ከታች በኩል ወደ ኋላ ይገፋል፣ ከላይ በኩል ወደ ፊት ይመለሳል። መራመድ ማለት ይሄው ነው።

ክብ ዙረትን ወደ እርምጃ መለወጥ የቆየ ጥያቄ ነው። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ፓፍኑቲ ቼቢሼቭ በአራት እግሩ የሚሄድ ማሽን ሠርቶ በ1878 እ.ኤ.አ. በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አሳይቷል። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ውስጥ የሚጋልብ ፈረስን በተከታታይ ፎቶ አንስቷል። ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ አንድ ላይ ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት እንዳለ በፎቶ የታየው ያኔ ነው። የቼቢሼቭ ማሽን ብልኃቱ ኮቴው መሬት በሚነካበት ጊዜ ቀጥ ሊል የተቃረበ መስመር እንዲስል ማድረጉ ነው። ስለዚህ ሰውነቱ በየእርምጃው ከፍ ዝቅ አይልም። ሆላንዳዊው ቴዎ ያንሰን ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሕር ዳርቻ ላይ በነፋስ የሚሄዱ የፕላስቲክ ቱቦ ፍጥረታት ሲሠራም የደከመው ለዚሁ ነው፤ እግሩ ይዙር፣ ወገቡ ግን እኩል ይሂድ።

የእኛዋ ቀጭኔ ይሄ የላትም። የእንቁላሉ ታችኛው ክፍል ጎባጣ ስለሆነ በየእርምጃዋ ሰውነቷን ማንሳት አለባት። ጉልበቱ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው፤ ይሄን ያዙልኝ።

ሞተሩ ጥፋተኛ ነው?

በኩሽና ሚዛን ስንመዝናት ከነባትሪ ድንጋይዋ 190 ግራም ሆነች።

ሞተሩ የሚሰጠው 6 ግራም-ሴንቲ ሜትር በ135 ሲባዛ 810 ይሆናል። ሰበቃ አለ። እያንዳንዱ የፕላስቲክ ጊር ደረጃ 10 በመቶ ይበላል ብለን ብንይዝ፣ አራት ደረጃ አልፎ 530 ገደማ ይደርሳል። የኮሎው ክንድ 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ፒኗ ላይ የሚገኘው ግፊት 660 ግራም ያህል ነው። ሞተሩ የማቡቺ ሳይሆን ተመሳሳዩ ስለሆነ ሲሶውን እንቀንስለት። 440 ግራም ይቀራል።

440 ግራም የሚያነሳ ነገር 190 ግራም ማንሳት አቃተው?

ልጅቷ ይሄን ስታይ «ታዲያ የቀረው የት ሄደ?» አለች። ጥያቄው እሱ ነው። ሞተሩ ደካማ ቢሆን ኖሮ ወጪውን እንጨምር ነበር። ሒሳቡ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ገቢው ይበቃል፣ መንገድ ላይ የሚበላው አለ። ቮልት መጨመር ለዚያ መድኃኒት አይሆንም። የተያዘ ሞተር ላይ 1.5 ቮልትና 2.2 አምፔር ቢገባ እንኳ 3.3 ዋት ሙቀት ይሆናል። ሞተሩ በደኅናው ቀን የሚሠራው ሥራ ደግሞ ግማሽ ዋት አይሞላም። ቻርጀሩ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው። ሽታው ከየት እንደመጣ አሁን ግልጽ ነው።

ጆሮ፣ ቀጥሎ ቴስተር

እንዲህ ዓይነት ነገር ስመረምር ከመሣሪያ በፊት ጆሮዬን እሰጣለሁ። እግሩ ሲቆም ሞተሩ ሁለት ዓይነት ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ድምፁ ወፍሮ፣ አጉረምርሞ እሱም አብሮ ከቆመ፣ የሆነ ቦታ ይዞታል ማለት ነው፤ ሰበቃ ነው። እግሩ ቆሞ ሞተሩ ግን ቀጥኖ እየዘፈነ ከቀጠለ፣ መሐል ላይ የሆነ ነገር እየተንሸራተተ ነው። የመጀመሪያው ሞተሩ ታንቋል፣ ሁለተኛው ሞተሩ ተፈቷል።

ይቺ ቀጭኔ ሁለቱንም ነበረች። ወለል ላይ ስናስቀምጣት ታጉረመርማለች፣ ቀጥሎ ድንገት ትዘፍናለች፣ መልሳ ታጉረመርማለች። አንድ በሽታ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት በዚህ ነው።

ቴስተሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ከድንጋዩ ጋር በተከታታይ አስገባነው። እዚህ ላይ ቀዩን ገመድ 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ መሰካት ግድ ነው፤ በትንሹ ቀዳዳ ከሰካችሁት የቴስተሩ ፊውዝ ይሄዳል። እግሮቿ አየር ላይ ሆነው 0.9 አምፔር አነበብን። ያለ ሸክም መጠጣት የሚገባው 0.2 ነው፤ ጊርና እግር ሲጨመር 0.3 ወይም 0.4 ቢል ይገባኛል። 0.9 ግን ብዙ ነው። መሬት ሳትነካ ከጉልበቷ አብዛኛውን ጨርሳዋለች። ድንጋዩም በዚህ ሸክም ከ1.5 ቮልት ወደ 1 ቮልት ወርዷል። ከሱቅ የሚገዛው ርካሹ የካርቦን ድንጋይ ለሬዲዮና ለግድግዳ ሰዓት ነው የሚሆነው። ሞተር ሲጠይቀው ይደክመዋል።

ድንጋዩን መቀየር ቀላሉ ነበር። ከእጅ ባትሪዬ አውጥቼ በቻርጅ የሚሠራ የኒኬል ድንጋይ ሰጠኋት። ላዩ ላይ 1.2 ቮልት ይላል፤ ልጅቷም «ይሄማ ያንሳል» አለች። በወረቀት ያንሳል። ሸክም ሲመጣ ግን እዚያው 1.2 አካባቢ ይቆያል፤ 1.5 የሚለው ጓደኛው ግን ወርዶ 1 ላይ ተቀምጧል።

እግሮቹ የታሰሩበት

ሞተሩን አወጣነውና የመጀመሪያውን ጊር በጣት ጫፍ አዞርነው። ይሄ ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም፣ ብዙ ነገር ይናገራል። ጤነኛ ጊር በጣት ገፋ ሲደረግ ያለ ድካም ይሄዳል። የእኛዋ በሁሉም ቦታ ከበድ ትላለች፣ ደግሞ እግሩ በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ጠንከር ትላለች። ሁሌም እዚያው ቦታ።

በሁሉም ቦታ የሚከብደው ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንዱ የአጎትየው ግራሶ ነው። ለመኪና ኩሽኔታ የተሠራ ወፍራም ግራሶ ለመኪና ጥሩ ነው፤ 6 ግራም-ሴንቲ ሜትር ላላት ሞተር ግን ጭቃ ነው። አጎትየው «በቤንዚን እጠቡት» ብሎ በስልክ መከረን። አልተቀበልነውም፤ ቤንዚን አንዳንዱን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል፣ አንዳንዱን ደግሞ ቆይቶ ያሰነጥቀዋል። ለብ ያለ ውኃ፣ የዕቃ ሳሙናና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃሉ። ከደረቀ በኋላ በክብሪት እንጨት ጫፍ ትንሽ ትንሽ ነጭ ግራሶ ነካ ነካ አደረግንበት። ነጩ ግራሶ ከየት መጣ? ከዕቃው ጋር የመጣች ትንሽ ቱቦ ሳትከፈት ፌስታሉ ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

ሌላው ብሎኖቹ ናቸው። እግሩን የሚይዘው ብሎን ሁለት ዓይነት ውፍረት አለው። ቀጭኑ ክፍል ይነክሳል፣ ወፍራሙ ለስላሳ ክፍል ደግሞ እግሩ እንዲዞርበት ነው። መጨረሻው ላይ ደርሶ ሲቆም እግሩ ትንሽ መላላት አለበት። ላላ ሲል ግን ዓይን አያምንም። ልጅቷም አላመነችም፤ በካቻቢቴ እስኪበቃው አጠበቀችው፣ ብሎኑ ፕላስቲኩን እየበላ ገባ። መኪና የለመደ እጅም፣ ቤት ውስጥ ያደገ እጅም ይሄን ያደርጋል፤ የላላ ብሎን ማየት አንወድም። አራቱንም ከግማሽ ዙር በላይ መለስናቸው። አሁን እግሩን በጣት ወደ ጎን ሲነኩት ቅጭል ቅጭል ይላል። መሆን ያለበት እንደዚያ ነው።

በአንድ ቦታ የሚጠነክረውን ፍለጋ ግን ቆየን። እግሮቹን አንድ በአንድ እየፈታን ጊሩን አዞርን። የኋላ ቀኙ ሲወጣ ጥንካሬው ጠፋ። እግሩን መስኮት ላይ ወስደን ብርሃን ላይ ያዝነው። ስንጥቁ ውስጥ፣ ላይኛው ጫፍ አካባቢ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል የፕላስቲክ ጉብታ አለች። ተገጣጣሚ ዕቃዎች ሲፈበረኩ ክፍሎቹ በቀጫጭን ዘንጎች ከአንድ ፍሬም ጋር ተያይዘው ነው የሚወጡት፤ ሲቆረጡ ትራፊ ይቀራል። ይቺ ትራፊ የቀረችው የማይሆን ቦታ ላይ ነው። ፒኗ በየዙሩ እዚያ ስትደርስ ትገጫለች፣ ትታገላለች፣ ታልፋለች። በምላጭ ላጥናት፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ስንጥቁን አለሰለስነው።

መልሰን ገጣጥመን ቴስተሩን አየን። አየር ላይ 0.35 አምፔር። ከ0.9 ወደ 0.35 ያወረደው የዕቃ ሳሙና፣ አንድ ምላጭና የግማሽ ዙር ካቻቢቴ ነው።

ወለል ላይ አስቀመጥናት። ማጉረምረሙ የለም። አሁን ዘፈኑ ብቻ ቀረ። ሞተሩ ይዘፍናል፣ እግሩ ይቆማል።

የተሰነጠቀችው ፒኞን

አንዱ በሽታ ሌላውን ሸፍኖት ኖሯል። አሁን የሚንሸራተተውን መፈለግ ነበረብን፤ እሱም ከሞተሩ ዘንግ ላይ ሩቅ አይደለም። የሞተሩ ፒኞን በብሎን አይታሰርም፤ ብረቱ ላይ በግፊት ብቻ ነው የሚቀመጠው። ፕላስቲኩ ሁልጊዜ ተወጥሮ ነው የሚኖር። ላይዋን በስልክ ካሜራ አጉልተን ስናያት፣ በሁለት ጥርስ መሐል ከዳር እስከ ዳር የወረደች ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አለች። እዚያ ጋ ያለው ክፍተት ከሌሎቹ ትንሽ ሰፍቷል። ቀላል ሸክም ሲሆን ትይዛለች። ከበድ ሲል ዘንጉ ውስጧ ይዞራል፣ እሷ ትቆማለች።

መቼ ተሰነጠቀች? ቻርጀሩ በተቀጠለ ቀን ነው ብዬ እገምታለሁ። ሞተሩ ድንገት ከለመደው በሦስት እጥፍ በሚበልጥ ቮልት ሲነሳ፣ የታሰሩት እግሮች ደግሞ አልሄድም ሲሉ፣ መሐል ላይ የምትቀጣው ትንሿ ናት። ሞተሩ ራሱ ግን ከዚያ ተርፏል። አውጥተን ለብቻው ስናስነሳው 0.2 አምፔር እየጠጣ ጥርት ብሎ ዞረ። የታማው ሁሉ ታምቶ በደሉ ያልተገኘበት እሱ ነው።

«በሱፐር ግሉ ብናጣብቃትስ?» አለች ልጅቷ። ፒኞኗ የተሠራችበት የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ማጣበቂያ እሺ አይልም። ይባስ ብሎ ሱፐር ግሉ ቀጭን ስለሆነ በዘንጉ በኩል ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ እውነትም ሞተር መግዛት ሊኖርብን ነው። እሷ ግን መፍትሔውን ይዛ ተመለሰች፤ የታናሽ ወንድሟን የተሰበረ መኪና። ፈታነው። 130 ሞተር፣ ባለ 8 ጥርስ ፒኞን። ጥርሶቹን ከአሮጌዋ ጋር አጠጋግተን አየናቸው፤ ገጠሙ። በፒንሳ ቀስ ብለን ነቅለን፣ የሞተሩን የኋላ ጫፍ ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፈን ገፍተን አስገባናት። ኋላውን ሳያስደግፉ መግፋት ዘንጉን ወደ ውስጥ ይሰደዋል።

ነጥቧ

ሄደች። ሄደች ግን አነከሰች።

ይቺ ቀጭኔ የምትሄደው በሰያፍ ነው። ግራ ፊትና ቀኝ ኋላ አብረው ይነሳሉ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ሁለቱ። እውነተኛዋ ቀጭኔ እንደዚያ አትራመድም። እንደ ግመል የአንድ ጎን እግሮቿ ተቀራርበው ነው የሚነሱት። አሻንጉሊት በዚያ አካሄድ ብትሄድ በየእርምጃው ወደ ጎን ትገለበጥ ነበር፤ ሰያፉ ለፋብሪካው ቀላሉ መንገድ ነው። ነገር ግን ሰያፉ የሚሠራው ጥንዶቹ አንድ ላይ ካረፉ ነው። የእኛዋ የፊት እግሯ አርፎ የኋላ ጥንዱ ገና አየር ላይ ነው። በሦስት እግር ትቆማለች፣ ትጣመማለች፣ ትወዛወዛለች።

የፊትና የኋላ ኮሎ ያላቸው በየራሳቸው ዘንግ ላይ ነው፤ መሐል ላይ ባሉ ጊሮች ይገናኛሉ። የኋላው ባለ 36 ጥርስ ስለሆነ አንድ ጥርስ ማለት 10 ዲግሪ ነው። ከጎን ሆነን እግሮቹን ስናመሳስል ልዩነቱ ሦስት ጥርስ፣ 30 ዲግሪ ሆነ። ሲገጣጠም ነው የተሳሳተው። ግን የትኛው ጥርስ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በምን ይታወቃል?

ልጅቷ የመመሪያውን ወረቀት ዓይኗ ሥር አስጠግታ ቆየች። «ጋሼ፣ ነጥብ አለ!» ብላ ጮኸች። ጊሮቹ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ጉድጓድ አለች፤ ሥዕሉ ላይ ሁለቱ ጉድጓዶች ፊት ለፊት ተገናኝተዋል። «እኔ እኮ የኅትመት ቆሻሻ መስላኝ ነው።» ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ ቆሻሻ ነው የምትመስለው። ጽሑፉ ምን እንደሚል ለማያነብ ሰው ያንን ነጥብ ትንሽ ጎላ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?

ነጥቦቹን አገናኘን። ማንከሱ ቆመ።

ኮቴ

የቀረው ወለሉ ነው። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ሴራሚክ ነው፣ የኮቴዋ ፕላስቲክ ደግሞ ለስላሳ። እግሮቿ በሚገባ ይሄዳሉ፣ እሷ ግን ግማሹን ባለችበት ትፍቃለች። ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠን በማስቲሽ አራቱም ኮቴ ላይ ለጠፍን። በአፍጢሟ ተደፋች። እግሯ ወደ ፊት መመለስ ሲጀምርና ሊያርፍ ሲቃረብ ከመሬት የሚለቀው በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጎማው ሲጨመር የጣቷ ጫፍ ወለሉን ይይዘዋል። ስለዚህ የፊቱን ግማሽ ላጥነው፤ ጎማው ከተረከዝ በኩል ብቻ ቀረ። ሲገፋ ይቆነጥጣል፣ ሲመለስ ይንሸራተታል።

አንገቷም ትንሽ ያስቸግራል። ረጅም ነው፣ ክብደቱ ፊት ላይ ነው። ሆዷን በአንድ ጣት ደግፈን ሚዛኗን ስንፈልግ ጣታችን ከፊት እግሮቿ አጠገብ አረፈ። ጭራዋ ሥር አንዲት ዳዶ በፕላስተር አሰርን። ምርጥ መልክ አልሰጣትም፤ ጠቅሟታል ግን።

አሁን ሴራሚኩ ላይ አንድ ሜትር በግማሽ ደቂቃ ትሄዳለች፣ 0.6 አምፔር ገደማ እየጠጣች። አጎትየው መጥቶ አያት። «ሞተሩን ከየት ገዛችሁት?» አለ። ያው የድሮው ነው አልነው። ፒኞኗን በጥፍሩ ይዞ ስንጥቁን ካየ በኋላ፣ የቻርጀሩን ጉዳይ ያመጣውን ልጅ በስልክ ሲፈልገው ሰማሁት።

ያልተፈታ ነገር አለ። ወደ ግራ ታዘነብላለች። የቀኝ ጎን ጎማ ትንሽ ወፍራም ሳይሆን አይቀርም፤ በብርጭቆ ወረቀት ስንቀንሰው ተሻሽላለች፣ አልዳነችም። ሁለቱንም ጎን የሚያዞረው አንድ ሞተር ስለሆነ መሪ የላትም። ልጅቷ «ለየጎኑ አንድ አንድ ሞተር ብናደርግስ?» አለች። አሪፍ ሐሳብ ነው፤ ችግሩ ሁለት ሞተር እኩል አይዞርም፣ ግራና ቀኝ ሲለያዩ ሰያፉ ይፈርሳል፣ ባለ አራት እግሯ ትወድቃለች። በየጎኑ ሦስት እግር ካለ ግን ሁለቱ ጎኖች ባይግባቡም በቀላሉ አትወድቅም። ይሄን ከነገርኳት ጀምሮ ደብተሯ ላይ ስድስት እግር እየሳለች ነው። ስድስት እግር ያላት ቀጭኔ ምን ልትባል ነው ስላት፣ «መጀመሪያ ትሂድ፣ ስሙን በኋላ እናወጣላታለን» አለችኝ።